ከሐረጎ ዳገት በላይ፣ ደሴ፣ «ደም ማነስ አለብሽ»፤ ከሐረጎ በታች፣ ኮምቦልቻ፣ «ደህና ነሽ»፤ ቁጥሩ ግን አንድ ነው!

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ) | ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ያገር ልጆች። ጥያቄዬ ትንሽ ናት፣ ቤታችንን ግን ለሁለት ከፍላዋለች።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ታላቅ እህቴ፣ እታለሜ፣ ደሴ ናት። ከሰሞኑ ሁለታችንንም ድካም ድካም ይለናል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ልቤ ትመታለች፣ ፀጉሬም ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው። እሷ ደግሞ ከሰኞ ገበያ ዘንቢል ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ተማከርንና በአንድ ቀን፣ እኔ እዚህ እሷ እዚያ፣ ደም ተመረመርን። ማታ በስልክ ስንነጋገር ጆሮአችንን ማመን አቃተን። የእኔም ሄሞግሎቢን 13.2፣ የእሷም 13.2።

እኔን ያየኝ ሐኪም ወረቀቷን ገልበጥ አድርጎ «ምንም የለብሽም፤ ብዪ፣ ተኚ» ብሎ ሸኘኝ። ካርድ አውጥቼ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረፋ ጠብቄ፣ ለዚህች! እሷን ያየቻት ሐኪም ግን «ቀለል ያለ ደም ማነስ አለብሽ» ብላ የአይረን ኪኒን አዘዘችላት።

እናታችን የደሴዋ ሐኪም ጎበዝ ናት ትላለች። ባለቤቴ ኪኒን ለመሸጥ ነው ይላል። እኔ የምጠይቀው፣ ከሐረጎ በላይ ያለ ደምና ከሐረጎ በታች ያለ ደም ይለያያል እንዴ? 25 ኪሎ ሜትር እኮ ነው፣ በሚኒባስ ምን አላት!

የጦሳ_ጤዛ (ደሴ) | 2፡52

ሐረጎን ስትወጪ ጆሮሽ ይደፈን የለ? ደምሽም እንደዚያው ነዋ። ሃሃሃ። ቀልዴን ነው እህቴ። ቀይ ሥር ጨምቀሽ ጠጪ፣ በሳምንት ደም በደም ትሆኛለሽ።

ላብ_ኮት (ደሴ) | 3፡15

ጤዛ ሳታውቂው ልክ ተናገርሽ። ስለ ጆሮው ማለቴ ነው እንጂ ስለ ቀይ ሥሩ አይደለም፣ እሱን እመለስበታለሁ።

ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ደግሞ ብልህ ነው፣ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ጨመር ያደርጋል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢታይ የግድ ደሙ ሞልቷል ማለት አይደለም። ሐኪም ከፍታውን ከቁጥሩ ላይ ቀንሶ ነው ማንበብ ያለበት።

ደሴ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ይሠራበት በነበረው ሰንጠረዥ ለ2500 ሜትር 1.3 ይቀነሳል፣ ለ2000 ሜትር 0.8፣ ለ1500 ሜትር 0.5። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነች ደም ማነስ ይባላል። አሁን ደምሩት፣ ማለቴ ቀንሱት። የእታለም 13.2 ሲቀነስ 1.3 ስንት ነው? 11.9። ከመስመሩ በታች። የአንቺ ላይ 0.8 እንኳ ብንቀንስ 12.4 ይቀርሻል። ከመስመሩ በላይ።

ሁለቱም ሐኪሞች በየቦታቸው ልክ ናቸው እንግዲህ። ወረቀቱ ላይ «12–16» ተብሎ የታተመው መጠን ግን ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ነው፣ ማሽኑ የት ከተማ እንደቆመ አያውቅም።

ቦርከና_ማዶ | 3፡21

ወይ ጉድ! ባለቤቴን አሁን ጠርቼ አነበብኩለት። «እና እህትሽ ወርዳ እዚህ ብትመረመር ትድናለቻ» አለኝ።

ጠርጣሪው (ደሴ) | ማታ 4፡02

ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። እኛ ደጋ ላይ ስንት ሺ ዓመት የኖርን ሕዝብ ነን። ለሁሉም አገር አንድ ሰንጠረዥ ይሠራል እንዴ? የፔሩም ተራራ የጦሳም ተራራ አንድ ነው?

ላብ_ኮት | 4፡20

ጠርጣሪው፣ አንዳንዴ መጠርጠርህ ያስደስተኛል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ስሜን ተራሮች ላይ፣ 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን ደም ለኩ። በአንዲስ ተራሮች እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ሽቅብ ይወጣል። የእኛዎቹ ግን ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ሆነው ተገኙ፣ ማለትም ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም የማይርቅ። የቲቤቶቹ አካሄድ ሌላ፣ የአንዲሶቹ ሌላ፣ የእኛ ሌላ።

ስለዚህ ያነሳኸው ባዶ ጥርጣሬ አይደለም። ሰንጠረዡ እኛ ላይ ሲሠራበት አንዳንዱን ጤነኛ ደጋማ «ደም አንሶሃል» ሊል ይችላል። ድርጅቱ በ2024 ሰንጠረዡን ሲያድስ ደግሞ ቅነሳውን ቆላ ወይናደጋው ላይ ጨመረው፣ ከ500 ሜትር ጀምሮ ይቀነሳል አሁን። በአዲሱ ከ1500 እስከ 2000 ሜትር ላለ 1.1 ነው የሚቀነሰው። ቦርከና በዚህ ስሌት 12.1 ሆና በአፍንጫዋ ነው የተረፈችው።

መፍትሔው ሌላ ምርመራ ነው፣ ፌሪቲን ይባላል። ሄሞግሎቢን ኪስሽ ውስጥ ያለውን ብር ይነግርሻል፣ ፌሪቲን ደግሞ ባንክ ያለውን፣ ማለትም ሰውነት ያጠራቀመውን አይረን። ኪስ ውስጥ ብር እያለ ባንኩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ቦታ አይሠራም፣ ጠይቃችሁ ነው መሄድ። አለዚያ ቀን ታቃጥላላችሁ።

ባቲ_ሰኞ | ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ደህና አደራችሁ። ነርስ ነኝ፣ ባቲ አካባቢ ነው የምሠራው። ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ስታወሩ ሳቅሁ። እስቲ ትንሽ ወረድ በሉ።

ሰኞ ገበያችን ላይ ብትቆሙ የአገሩ ካርታ በእግሩ ይመጣላችኋል። ከደጋ ጤፍና ገብስ ጭኖ የወረደው፣ ከዙሪያው ማሽላ ይዞ የመጣው፣ ከታች ከአፋር በኩል ግመልና ፍየል ነድቶ የደረሰው፣ ሁሉም እዚያው ነው። እኔ በሥራ ልማድ ሰው ሲጨብጠኝ መዳፉን አያለሁ። የልጅ መዳፍ ነጣ ብሎ ሳይ ልቤ ይደነግጣል። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ቀይ መሆን ሲገባው የቡና ስኒ ይመስላል፣ ነጭ።

እና ከታች የሚመጡት ልጆች ላይ ነው ይሄ በብዛት የሚታየኝ። ረጅም ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥርሳቸው ወተት የመሰለ። የደጋው ልጅ ደግሞ አጠር ይላል፣ ጉንጩ ግን ቀላ ያለ ነው። መጀመሪያ ስመደብ ግራ ገብቶኝ ነበር። ረጅሙ ልጅ ነው የታመመው?

በኋላ የ2016ቱን እ.ኤ.አ. የአገሪቱን የሕዝብና ጤና ጥናት ሳይ ገባኝ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ደም ማነስ ያለባቸው በአገር ደረጃ 24 በመቶ ነው። አማራ ክልል 17፣ አዲስ አበባ 16። አፋር ግን 45፣ ሶማሌ 60። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ላይማ አይወራም፣ በአገር 57፣ ሶማሌ 83፣ አማራ 42። ልብ አድርጉ፣ ዝቅተኛው የእኛ ነው፣ እሱም 42።

አሁን ገልብጡት። በዚያው ጥናት በምግብ እጥረት ቁመታቸው የቀጨጨ ሕፃናት የበዙት የት ነው? አማራ ክልል፣ 46 በመቶ። ሶማሌ 27 ብቻ።

ወተት ነው ነገሩ። ወተት ቁመት ይሰጣል፣ አጥንት ይሰጣል፣ ቫይታሚን ኤም አለው። አይረን ግን የለውም ማለት ይቀላል። እንዲያውም ካልሲየሙ ከሌላ ምግብ የመጣውን አይረን አላሳልፍ ይላል። ልጁ ከወተት ሌላ ብዙም ካልቀመሰ ቁመቱ ይመዘዛል፣ ደሙ ይቀጥናል። እዚያ ላይ ወባውን ጨምሩበት። ወባ ቀዩን የደም ሴል ነው ሰብሮ የሚወጣው። ክረምቱ ሲያልቅ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወረፋችን እስከ በር ነው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ የመንጠቆ ትልም አለ። ሞቅ ያለና እርጥብ አፈር ይወዳል፣ በባዶ እግር ይገባል፣ አንጀት ላይ ተለጥፎ ደም ይመጣል። የደሴ ብርድ ለእናንተ ጠላት መስሏችሁ ነው እንጂ ከትንኙም ከትሉም ጠብቋችኋል።

ኩታበሬው (ደሴ ዙሪያ) | ረቡዕ ጠዋት 3፡10

ባቲ፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን እኛ ደጋዎቹ ደማችን ደህና የሆነው በጤፉ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ጤፍ አይረን አለው እየተባለ ፈረንጅ ሁሉ እየገዛው አይደል?

ላብ_ኮት | ረቡዕ 6፡05፣ ምሳ ሰዓት ላይ

ኩታበሬው፣ አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፣ እኔን ልትጠይቀኝ አይገባም ነበር። ጤፍ እንዴት ነው የሚወቃው?

ኩታበሬው | 6፡30

አውድማ ላይ ነዋ። አውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነዶው ይነሰነስና በሬዎቹ ዙሪያውን ይሄዱበታል። ልጅ ሆኜ ከኋላ አለንጋ ይዤ የምከተል እኔ ነበርኩ። በስተመጨረሻ ልቅላቂው በሬዎቹ እግር ሥር ይሰነጠቅና አፈሩ ከጤፉ ጋር ይደባለቃል። ማታ ንፋስ ሲነሳ በመንሽ ይዘራል፣ ገለባው ይሄዳል፣ ደቃቁ አፈር ግን እንደ ጤፉ ደቃቅ ነው፣ የት ይሄዳል? እናቴ በወንፊት ነፍታ በሰፌድ አንገዋልላ እንኳ ድስቱ ሥር ትንሽ ይዘቅጥ ነበር። «ይህቺን ታህል አፈር ካልበላን ማን ያስታውሰናል» ትል ነበር።

አሃ! አፈሩ ነው እንዳትለኝ?

ላብ_ኮት | 6፡41

አፈሩ ነው። ሁሉም አይደለም፣ ብዙው ግን። ጤፍ በራሱ አይረን አለው፣ ያ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ላብራቶሪ ገብቶ ያልታጠበ ጤፍና የታጠበ ጤፍ ሲለካ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቀይ ጤፍ ከነጩ ይበልጣል የሚባለውም አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። የአፈር አይረን ደግሞ አብዛኛው ዝገት ነው፣ እንደገባ ይወጣል።

ሌላው ፋይቴት የሚባለው ነው። እህል ሁሉ አለው፣ አይረንና ዚንክን ጠፍሮ ይይዛል፣ አንጀት ሊያገኛቸው አይችልም። እዚህ ላይ እናቶቻችን ሳያውቁት ጀግኖች ናቸው። እርሾ ገብቶ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ያ ማሰሪያ ይላላል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ሊጡ ይቆያል፣ በክረምት ሦስተኛው ቀን ላይ እንኳ ላይነፋ ይችላል። ኮምቦልቻ በአንድ ቀን ተኩል ኩፍ ይላል። ቂጣ ግን ለቁርስ ተብሎ ተለውሶ ወዲያው ምጣድ ላይ ነው፣ ማሰሪያው እንዳለ ሆድ ይገባል።

ዚንኩን እንዳትረሱት። በ2016 እ.ኤ.አ. በተሠራው የአገሪቱ የማይክሮኒውትሪየንት ጥናት ከሴቶችም ከሕፃናትም ሲሶ ያህሉ ዚንክ ያንሳቸዋል። ደም ማነስ ብቻ ስናወራ ዚንክ በጓሮ ያመልጣል። ያ የባቲ «አጭሩ የደጋ ልጅ» አንዱ ምክንያቱ ይኼ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አቦል_ቶና_በረካ (ደሴ) | ረቡዕ ከሰዓት 9፡20

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ስልኩን የልጅ ልጄ ነው የሰጠችኝ፣ ሳነብ ቆየሁ። ሁሉንም አላችሁ፣ ጤፉን አላችሁ፣ ወተቱን አላችሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ሰማሁና ተናደድኩ፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤቴ መጥታ «እማማ፣ ከምሳ በኋላ ቡና አይጠጡ፣ ደም ያሳንሳል» አለችኝ። ወላሂ ሳቄ መጣ። ወሎ ውስጥ ቡና አትጠጡ? ዱዓው በምን ሊደረግ ነው? ጎረቤት በምን ሊጠራ ነው? 70 ዓመት ጠጥቼ ይኸው አለሁ።

ላብ_ኮት | 9፡48

እማማ፣ እግዜር ያቆይልን። ቡናውን የሚነካ የለም፣ ሰዓቱን ነው የምንነካው።

ነገሩ እውነት ነው ግን። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው የሚያጣብቅ ነገር፣ ያ ምላስ ላይ የሚጎመዝዘው፣ አይረንን ይይዘዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ከምግቡ የሚገባውን አይረን በ39 በመቶ ቀነሰ፣ ሻይ በ64 በመቶ። እና እኔን የገረመኝ የዚያው ጥናት ሌላ ውጤት ነው። ቡናው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ጉዳቱ ያው ነው፣ ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ አለና። ከምግብ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አላደረገም። ምንም!

የእኛ ቡና መቼ ነው የሚፈላው? ማዕዱ ሲነሳ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፣ ሁሉም የምሳው አይረን አንጀት ላይ ሲደርስ ጠብቆ ይወርድበታል።

አቦል_ቶና_በረካ | 10፡05

በባዶ ሆድ ቡና? ጨጓራዬን ልታስልጠኝ ነው?

የጦሳ_ጤዛ | 10፡07

እማማ ልክ ናቸው! ላብ ኮት መልስ አጣህ።

ላብ_ኮት | 10፡30

መልስ አለኝ። ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ቆሎ ተቆርጥሞ ይጠጣ። ምሳ ሰባት ሰዓት ነው። ከሰዓቱም ምሳው ከተበላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ፣ አሥር ሰዓት ላይ። በቃ። አንድም ስኒ አልቀነስኩም።

እና ምሳው ላይ አንድ ቃሪያ ይጨመር። ጥሬውን፣ ስንግ ወይም ቲማቲም ውስጥ ተቆርጦ ሎሚ ተጨምቆበት። ቫይታሚን ሲው የሽሮውንና የምስሩን አይረን ያንን የፋይቴት ማሰሪያ ጥሶ እንዲገባ ያግዘዋል። ሎሚ ከተወደደ ቃሪያ አለ። ዋጋውን ሳታዩ ግዙ አልልም፣ ግን ከመድኃኒት ቤት ይረክሳል።

ጤዛ፣ ቀይ ሥርሽ እዚህ ጋ ነው። ቀይ ሥር ጥሩ አትክልት ነው፣ ቀለሙ ግን ደም አይደለም። አይረኑ ትንሽ ነው። ምስር በጣም ይበልጠዋል። «ቀይ የጠጣ ደም ይሆነዋል» ከሆነ ሚሪንዳ የጠጣ ምን ሊሆን ነው?

የጦሳ_ጤዛ | 10፡33

ብርቱካናማ ደም። ተሸነፍኩ።

ግራ_የገባው (ኮምቦልቻ) | 10፡50

ይቅርታ ዘግይቼ ነው። ደም ማነስ የምትሉት የግፊት ማነስ ነው? እናቴ ግፊቷ 90 በ60 ነው ተብላ ጨው ላሺ አሏት።

ላብ_ኮት | 11፡00

አይደለም ወንድሜ። ግፊት ማለት ደሙ ቱቦውን የሚገፋበት ኃይል ነው። ደም ማነስ ማለት የደሙ ውፍረት፣ ማለትም የሄሞግሎቢኑ ማነስ ነው። ሁለቱም ያዞራሉ፣ ለዚያ ነው የሚምታቱት። ጨው ደም አይጨምርም።

ጨው ካነሳህ አይቀር ሌላ የሚጨምረው ነገር አለ፣ አዮዲን። ጥንት ደጋ ላይ እንቅርት የሌለበት ቀበሌ ነበር እንዴ? አዮዲን በዝናብና በጎርፍ ከተዳፋት አፈር ታጥቦ ስለሚሄድ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀም ቤተሰብ 15 በመቶ ገደማ ነበር፣ በ2016 89 በመቶ ደረሰ። ይሄኛው የተሳካ ሥራ ነው፣ መመስገን አለበት። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት ብቻ፣ ሲንተከተክ ከዋለ አዮዲኑ ይተናል።

ስሜ_ይቆየኝ (ኮምቦልቻ) | ረቡዕ ማታ 4፡45

ሰው ፊት አልናገረውም፣ እዚህ ስሜ ስለማይታወቅ ነው። ስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። አፈር ያምረኛል። ዝናብ ሲጥል ከግድግዳው የሚወጣው ሽታ ምራቄን ያመጣዋል። መጀመሪያ ማሽተት ብቻ ነበር። አሁን ከጓሮ ግድግዳ ትንሽ ትንሽ እየፈረፈርኩ እበላለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ቶሎ አፌን እጉመጠመጣለሁ። አብዳለች እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ኪኒን ሰጥተውኝ ነበር፣ አንድ ሳምንት ውጬ ተውኩት፣ ሆዴን አደረቀኝ፣ ሰገራዬም ከሰል መሰለ።

ባቲ_ሰኞ | ማታ 5፡02

የኔ እናት፣ አላበድሽም። እንኳን ተናገርሽ። እኔ ዘንድ በሳምንት ሁለት ሦስት ሴት ይሄንኑ በሹክሹክታ ይነግረኛል። አንዷ አፈር፣ አንዷ ጠመኔ፣ አንዷ የምድጃ አመድ። ሰውነት አይረን ሲያጣ እንዲህ ያለ አምሮት ያመጣል፣ የታወቀ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ አይረኑ ሲሞላ አምሮቱም ይጠፋል። አፈሩ ግን አይጠቅምሽም፣ የትል እንቁላልም ሊኖረው ይችላል።

ነገ ወይ ከነገ ወዲያ የእርግዝና ክትትል ወዳለሽበት ሂጂና ይሄንኑ ንገሪያቸው፣ ደምሽን ይዩት። ላንቺ መስመሩ 12 አይደለም፣ በቆየው 11፣ በ2024ቱ ደግሞ ለእርግዝና መካከለኛ ሦስት ወራት 10.5 ነው፣ ሲያነቡልሽ ከፍታውን አስታውሻቸው። ኪኒኑን አትተዪው። ሰገራ ማጥቆሩ ያልገባው ትርፍ አይረን ነው፣ ደም አይደለም፣ አትደንግጪ። ሆድ ካደረቀሽ ማታ ከእራት በኋላ ዋጪው፣ ውኃ አብዢ፣ ተልባ ጠጪ፣ በሻይና በወተት ግን አትዋጪው። የማይስማማሽ ከሆነም ራስሽ ከምታቆሚው ንገሪያቸው፣ መላ አለው። አብሮት ያለው ፎሊክ አሲድም ያስፈልግሻል።

ብቻሽን አይደለሽም ደግሞ። በዚያ በ2016ቱ ጥናት እርጉዝ ሳሉ አይረን የወሰዱ ሴቶች 42 በመቶ ናቸው፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የዘለቁበት ግን 5 በመቶ ብቻ። ሁሉም ባንቺው ምክንያት ነው የተዉት ማለት አይደለም። እኛ ባለሙያዎቹም «ውጪው» ብለን እንሰጣለን እንጂ ሰገራሽ ይጠቁራል ብለን አንናገርም። ጥፋቱ የእኛም ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ትንሽ ልጅ ቤት ካለ ኪኒኑን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ። ከረሜላ መስሎት ብዙ ከዋጠ ይገድለዋል።

ስሜ_ይቆየኝ | 5፡10

አልቅሼ ነው ያነበብኩት። እሄዳለሁ።

ጠርጣሪው | ሐሙስ ጠዋት 2፡15

እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። ባቲ ያመጣሽው 17 በመቶ ከፍታው ተቀንሶለት ነው ወይስ ሳይቀነስ? ካልተቀነሰ ደጋማ ክልል ሁሉ ጥሩ መስሎ ይታያል። ያ ደግሞ ማታለል ነው።

ላብ_ኮት | 2፡40

ተቀንሶለት ነው። ጥናቱ ከፍታን አስተካክሎ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ በአፋርና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት የአየሩ ቅጥነት የፈጠረው አይደለም፣ የምርም ልዩነት ነው። ሰንጠረዡ ለእኛ ይበዛል ካልክ እንዲያውም የእኛ ከ17ም ሊወርድ ነው። ግን ክልል የሚባለውም አማካይ ነው። አማራ ክልል ውስጥ ጮቄም አለ፣ ቆቦም አለ፣ መተማም አለ። 17 ሲባል ሁሉም ቦታ 17 አይደለም። የእኛን ዞን ብቻ ውሰደው፣ ለጋምቦ ላይ ገብስ የሚበላና ብርድ ልብስ የሚደርብ ሰው አለ፣ ቃሉ ላይ ማሽላ የሚበላና አጎበር ውስጥ የሚተኛ አለ። በአንድ ቁጥር ታስሮ ሲወጣ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ኩታበሬው | 3፡30

የጾሙን ነገር ማንም አላነሳም። እኛ ሁዳዴን 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ረቡዕና ዓርብ። ያ አያሳንስም?

አቦል_ቶና_በረካ | 3፡44

ልጄ፣ እኛ እስላሞቹስ መቼ ሥጋ ጠገብን? ዓረፋ ላይና ሠርግ ላይ ነው። ጾሙ ባይኖርም ኪሱ ይጾማል።

ባቲ_ሰኞ | 4፡10

እማማ ጨርሰውታል። ለጾሙ ግን አንድ ልጨምር። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከእንስሳ ምግብ ብቻ ነው የሚገኘው፣ ጉበት ላይ ይከማቻልና ሁለት ወር ጾም አያሟጥጠውም። የሚያሟጥጠው ፍስክም ሲሆን እንቁላል እየሸጡ ሽሮ መብላት ነው። የሐይቅ ዓሣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ላይ እያለ ስንቶቻችን ነን የምንቀምሰው? ቫይታሚን ኤውም ያው ነው። ሲመሽ ልጁ ዕቃ እያነቀፈው ከሄደ «ዳፍንት ያዘው» እንላለን፣ ያ የኤ እጥረት ነው። በስድስት ወር አንዴ በምትሰጠው ጠብታ ቀን ልጆቻችሁን አታስቀሩ። ጓሮ ካላችሁ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ። ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ያለ ቅባት አይገባም።

ቦርከና_ማዶ | ከ15 ቀን በኋላ፣ ዓርብ ማታ 1፡50

ጠፋሁ አይደል? ይኸው ተመለስኩ።

ፌሪቲን ተመረመርን፣ ሁለታችንም ደሴ፣ አንድ ቤት፣ በአንድ ጠዋት። የእታለሜ 44። የእኔ 9።

አዎ፣ «ምንም የለብሽም» የተባልኩት እኔ ነኝ ባንኬ ባዶ የሆነው። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ የተገጣጠመው። ከወለድኩ ስምንት ወሬ ነው። የወር አበባዬ ከተመለሰ ወዲህ ከባድ ነው። ምሳዬን ሥራ ቦታ በልቼ እዚያው በላዩ ሁለት ሻይ እደግምበታለሁ። አሁን ኪኒኑ ለእኔ ሆኗል። እታለሜ «ያንቺን ሦስት ሳምንት ዋጥኩልሽ» እያለች ትስቃለች። ለእሷ ድካም ሌላ ምርመራ ታዟል፣ የእንቅርት ዕጢ ነው የሚያዩት። ባለቤቴ ዝም ብሏል፣ ያውም ሦስት ቀን።

ላብ_ኮት | 2፡05

9 ማለት ከ15 በታች ነው፣ ባዶ ነው በደንብ። ሄሞግሎቢን መጨረሻ ላይ ነው የሚወርደው፣ ባንኩ ካለቀ በኋላ። ኪኒኑን ደህና ሆንኩ ብለሽ እንዳታቆሚ፣ ሐኪሟ ባለችሽ ልክ ሦስት ወርም ይሁን ጨርሺ፣ ባንኩ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው።

ስሜ_ይቆየኝ | 2፡30

እኔም ሄጄ ነበር። 10.1 አሉኝ። አሥረኛ ቀኔ ነው ከኪኒኑ ጋር። ትናንት ዘነበ፣ ግድግዳውን አየሁት፣ አለፍኩት።

ባቲ_ሰኞ | 2፡32

የኔ ጀግና!

አቦል_ቶና_በረካ | 3፡15

ቦርከና ልጄ፣ አፊያ ያድርግሽ። እኔም ቡናዬን ረፋድ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ጎረቤቶቼ መጀመሪያ «ምነው፣ ማን ሞቶ ነው በጠዋት የጠራሽን» ብለው ደነገጡ። አሁን ለምደውታል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ያ የላብራቶሪው ልጅ ካለ። ቆሎው ሰልችቶናል። ፈንድሻ ይፈቀዳል?

ላብ_ኮት | 3፡17

ይፈቀዳል እማማ። የእኔንም ስኒ ያስቀምጡልኝ።